ደረቅ አስፋልት ላይ የራሰ ጎማ

የድሬው ታክሲ ነጂ ኃይለየሱስ ርካሽ ነገር ሲወድ ለጉድ ነው። በዚያ ክረምት ግን አይፈረድበትም። የአሮጌዋ ፔጆ ጎማዎች ጥርሳቸው አልቆ ልሙጥ ሆነዋል፤ ካፊያ በጣለ ጊዜ ቀፊራ መታጠፊያው ላይ ፍሬን ቢይዝ ተንሸራታ የሽንኩርት ጋሪ ልትጨፈልቅ ለጥቂት ተረፈች። ሚስቱ ዝናሽ ደግሞ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያ ልጃቸውን ሆስፒታል ሳይደርሱ መንገድ ላይ ነው ያጡት፤ ሆስፒታሉ ያለው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ነው። ይህን ሲያስብ እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም።

ጎሚስታው ጋሽ ኢስማዒል ዘንድ ሄደ። የአዲሱን ጎማ ዋጋ ሲሰማ ያልሰማ መስሎ ወደ አሮጌዎቹ ዞረ።

«እሱን ተወው አቦ» አሉት ሽማግሌው። «ጥርሱን በቢላ የቀረጹት ነው። ውሃ ላይ ጉድ ይሠራሃል።» ሌላውን በጥፍራቸው ተጫኑት። «ይሄም ደርቋል፤ አስፋልት አይዝም።»

ጥግ ላይ በማዳበሪያ የተሸፈኑ አራት ጎማዎች ነበሩ። ኃይለየሱስ የክብሪት እንጨት ጥርሱ መሃል ቢሰካ እስከ አናቱ ገባ። ውሃ የሚያስወጣው መስመር ሰፊ፣ ጎኑ ስንጥቅ የሌለበት፤ ዋጋው ግን ከሁሉም ያነሰ።

«ምነው ረከሰ?»

«ባለቤቱ ብዙ አልነዳበትም» አሉና ማዳበሪያውን እየገፈፉ፣ «አንተ ደቻቱን በየት ነው የምትሻገረው?»

«ድልድዩ ሲጨናነቅ በደረቁ ወንዝ አሸዋ ነዋ፤ እንደ ሰዉ። አሁንማ ዝናሽ ልትወልድ ስለሆነ፣ ባጠረው ነው።»

ጋሽ ኢስማዒል ሌላ አልጠየቁም። ክሪኩን አምጥተው በገዛ እጃቸው ገጠሙለት።

በነጋታው ጠዋት አራቱም ጎማዎች ርሰው አገኛቸው። ዝናብ ከጣለ ሳምንቱ ነው፤ የግቢው አፈር ደረቅ፣ የመኪናዋ ጣሪያ አቧራ። የጎረቤቱን ውሻ ረገመ። ውሻ አራቱንም? በሦስተኛው ቀን ጥርሱን በሚስማር ቢጎረጉር ደቃቅ እርጥብ አሸዋ ወጣ፤ ሽታው የጎርፍ ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ሲነዳ ከኋላው ሁለት የረጠበ መስመር ይከተለዋል። አንዲት ተሳፋሪ ከዚራ እወርዳለሁ ብላ ተሳፍራ ሳትደርስ «አውርደኝ» አለችው። «ከእግሬ ሥር ውሃ ይሄዳል።» ኃይለየሱስ ሞተሩን አጥፍቶ አዳመጠ። እውነቷን ነው፤ ይሄዳል። ፈራ፤ ጎማዎቹን ቅዳሜ ሊመልስ ወሰነ።

ምጡ ግን ዓርብ ከሰዓት መጣ። ድልድዩ ላይ የጭነት መኪና ተበላሽቶ መንገዱ ተዘግቷል። ኃይለየሱስ ሰማዩን አየ፤ ጥርት ያለ ነው። የድሬ ሰው ስንቴ ተቀጥቶ የማይማረው ይህን ነው፤ ጎርፉ ከተራራው እንደሚመጣ እያወቀ ከአናቱ ያለውን ሰማይ አይቶ አሸዋው ውስጥ ይገባል። መሪውን ወደ ታች አጠፈ።

አሸዋው ጫፍ ላይ መኪናዋ ቆመች። ሞተሩ ይሠራል፣ ማርሹ ገብቷል፣ ነዳጅ ይረግጣል፤ ጎማዎቹ ንቅንቅ አላሉም። ወርዶ አየ። ከአራቱም ውሃ ይንዠቀዠቃል። ከፊት ጎማዎቹ ሥር ደግሞ አዲስ የመኪና ዱካ ተነስቶ ወደ ወንዙ ይሄዳል፤ ጥርሱ የራሱ ጎማ ጥርስ ነው። እሱ ግን ገና አልገባበትም። ዱካው አሸዋው መሃል ሲደርስ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ኃይለየሱስ ወደ መሪው ተመለሰ።

«ምን ገተረህ?» አለች ዝናሽ ከኋላ እያቃሰተች። «ይሄንንም ልታሳጣኝ ነው?»

ይህ ቃል ልቡን ወጋው። ቢሆንም የኋላ ማርሽ አስገባ፤ መኪናዋ ያለ አንዳች ችግር ወደ ኋላ ሄደችለት። ከዳርቻው ሳይርቁ ምድሪቱ አጉረመረመች፤ ጎርፉ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ወረደ፤ ዱካውን ከነአሸዋው ጠረገው።

ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ሰዉ ተረባርቦ የጭነት መኪናውን ገፍቶ ወደ ዳር አስጠጋላቸው። መሃል ላይ ሲደርሱ ዝናሽ ማቃሰቷን አቆመች።

«ኃይልዬ፣ እጄን የያዘችኝ ሴት ማናት? እጇ ቀዝቃዛ ነው።»

በመስታወቱ አየ። ከኋላ ከዝናሽ በቀር ማንም የለም። መሪውን አጥብቆ ይዞ ነዳ።

ልጅቷ በሰላም ተወለደች። በሳምንቱ ኃይለየሱስ ጋሽ ኢስማዒል ዘንድ ሄዶ ሁሉንም ነገራቸው። ሽማግሌው ጎማ መፍቻቸውን አስቀመጡ።

«ወንድሜ ሉቅማን ነበር ባለቤቱ» አሉ። «ሚስቱን ፋርሂያን ምጥ ይዟት፣ ድልድዩ ተጨናንቆ፣ ሰማዩም እንዲህ ጥርት ብሎ ነበር፤ በአሸዋው ገቡ። መኪናው አሸዋ ሞልቶት ነው የተገኘው። ጎማዎቹ ሦስት ክረምት እዚህ ሲያድሩ በየጠዋቱ ይርሳሉ። ለማንም መሸጥ አልሆነልኝም፤ አንተ ዝናሽ ልትወልድ ነው ስትለኝ ግን… መንገዱን እነሱ ያውቁታል አልኩ።» ወደ ታክሲዋ ሄደው አጎነበሱና ጎማውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «ደርቋል።»

«ሆስፒታሉ በር ላይ ካቆምኩባት ሰዓት ጀምሮ ደረቅ ነው።»

ጋሽ ኢስማዒል እጃቸውን ከጎማው ላይ አላነሱም። እንባቸው አቧራው ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«እንግዲያው ሉቅማን ሚስቱን አድርሷታል» አሉ።