የተቆረጠው ካሴት መጨረሻ

«ኧረ ጋሽ ወልደ ኢየሱስ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው አይዋሹ! ሮኬቷ ተነሥታለች። እዚያው ቁጭ ብዬ የሰማሁትን!»

«አልተነሣችም አልኩህ! እዚያው ቀይዋ ፕላኔት ላይ ቀሩ። ቤት ሠሩ፣ ሐዲድ ዘረጉ፣ ኖሩ። በቃ!»

ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ለቀስተኞች መጀመሪያ አቀረቀሩ። ቀጥሎ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያ ደግሞ የልቅሶ አልነበረም። ሙሐመድሰዒድ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። ጋሽ ወልደ ኢየሱስ ከአዋሽ ባቡር ጣቢያ ጡረታ የወጡ ናቸው። የሚስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንደ ሟቹ እንደ አብዱናሲር ፊልም የሚያሳይ ሰው አዋሽ አላየችም።

የሟቹ ልጅ ኑርሀያት ከመጋረጃው ወዲህ፣ ሴቶቹ ዘንድ፣ ከእናቷ አጠገብ ሆና ትሰማለች። መሳቅም ማልቀስም አማራት። እናቷ ኡምሰልማ ግን ዓይኗን መጋረጃው ላይ ተክላለች። ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ቃል አልወጣትም፣ እህልም በአፏ አልዞረም። ጎረቤት በየተራ ምግብ ሠርቶ ያመጣል፤ ሳህኑ እንደመጣ ይመለሳል። ስኳር ላለበት ሰው፣ ያውም በአዋሽ ሙቀት፣ ይህ የሚያስፈራ ነገር ነው። ልጅቱ ለምናም ተቆጥታም አልሆነላትም።

አብዱናሲር ከወሎ መጥቶ ቪዲዮ ቤት የከፈተው የጅቡቲ መንገድ በከባድ መኪና በተጨናነቀበት ዘመን ነበር። ሾፌሮቹ የቀትሩ ሙቀት እስኪበርድ እሱ ጋ ያርፋሉ። የሚወደው አንድ ያረጀ የሮኬት ፊልም ነበረው። እንግሊዝኛው ብዙም አልነበረምና በዱላው እየጠቆመ ይተረጉማል፤ «ይሄ ሾፌሩ ነው፣ ያ ረዳቱ። ቀይዋ ፕላኔት ላይ ነዳጅ ጨርሰዋል።» ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቀይ መሆኗን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ማውጫ ስለተበላሸም የሮኬቷን ጩኸት በአፉ ያሰማል፤ «ሹሹሹሹ!» ማታ ቤቱ ሲገባ ደግሞ ያንኑ ጩኸት እያሰማ፣ ጉርሻውን አየር ላይ አዙሮ አዙሮ ኑርሀያት አፍ ውስጥ ያሳርፈዋል።

ኑርሀያት አድጋ ሰመራ የፊዚክስ መምህርት ሆነች። ስለ ከዋክብትና ስለ ሕዋ አጫጭር ቪዲዮ በስልኳ እየቀረጸች ትለቃለች፤ ብዙ ሰው ያይላታል። ለዒድ በመጣች ቁጥር ታዲያ ከአባቷ ጋር ያው ክርክር ነው።

«አባዬ፣ ሕዋ ውስጥ አየር የለም። አየር ከሌለ ድምፅም የለም።»

«ታዲያ ሾፌሩ ሞተሩ መነሣቱን በምን ያውቃል?»

ለዚህ መልስ አጥታለት አታውቅም፤ እሱ ግን አንዱንም ተቀብሎላት አያውቅም።

የፊልሙ መጨረሻ ከድሮም ጉድ ነበረው። ዴኩ አኝኮት ካሴቱ ተቆርጧል። ሾፌሩ የሮኬቷን በር ሊከፍት እጀታውን ሲይዝ ስዕሉ ይጠፋል። ያኔ አብዱናሲር ይነሣና ቀሪውን በአፉ ይጨርሰዋል።

«ወላሂ፣» አለ አሁንም ሙሐመድሰዒድ ከድንኳኑ፣ «ቀያዮቹ ሰዎች በጀሪካን ነዳጅ አመጡላቸው፣ ተነሥተው አገራቸው ገቡ!»

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።»

ድምፁ የመጣው ከመጋረጃው ጀርባ ነው። ኑርሀያት ዞር ብላ እናቷን አየቻት።

«መጨረሻውን የምሰጠው እኔ ነበርኩ፣» አለች ኡምሰልማ፣ የቪዲዮ ቤቱን ደጃፍ ረግጣ የማታውቀው ኡምሰልማ። «ጧት ጧት ‹ኡምዬ፣ ዛሬ በምን እንጨርሰው?› ይለኛል። ‹የሚያየው ማነው?› እለዋለሁ። ሾፌሮች ከሆኑ፣ ሚስቶቻቸው በር በሩን ያያሉና በሰላም ይግቡ አልኩ። ባቡሩ ሊቆም ነው በተባለ ሰሞን ደግሞ እነ ጋሽ ወልደ ኢየሱስ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ለእነሱ ሐዲድ አዘረጋሁ።»

ጋሽ ወልደ ኢየሱስ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ለእኔ ብለሽ?» አሉ ወደ መጋረጃው።

ያን ጊዜ ነው ድንኳኑ በሳቅ የፈነዳው። «አላህ ይዘንለት፣ ስንቱን ጉድ ሠርቶናል!» አለ ሙሐመድሰዒድ ዓይኑን እየጠረገ። ኡምሰልማም ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ግን እንባዋ ቀደማት።

«ኑርዬ፣ እንግዲህ ማን ይጠይቀኛል? በምን እንጨርሰው የሚለኝ ማነው?»

ኑርሀያት ጎረቤት ያመጣውን ሳህን ሳበች፣ ጠቀለለች፣ ጉርሻውን ወደ ላይ አነሣችና ከራሷ በላይ ቀስ አድርጋ አዞረችው።

«ሹሹሹሹ...»

እናቷ በሻርፗ ጫፍ ፊቷን ጠርጋ አየቻት። «ሕዋ ውስጥ ድምፅ የለም ትይው አልነበር?»

ኑርሀያት ከፊተኛው አስበልጣ «ሹሹሹሹ!» አለች።

ኡምሰልማ አፏን ከፈተች።