የቡሩልቻ ኩሬ

እኔና ቡሩልቻ በየሰርጉና በየበዓሉ ኮሙዛችንን፣ ባለሦስት ክሩን መሣሪያ፣ እየደረደርን በግጥም ስንሰዳደብ ኖረናል። እንጀራችን ነው፤ በከተማችን በናሪን ሕዝቡ ለዚህ ይሰበሰባል። አንዱ ይዘልፋል፣ ሌላው እዚያው ቤት አስመትቶ ይመልሳል፤ መልስ ያጣ ከመድረክ ይወርዳል። እሷን አንድ ቀን እንኳ ከመድረክ አስወርጄያት አላውቅም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዘንድሮ ቃል እየጠፋት መጣ። ዋና ከተማው ቢሽኬክ፣ ሆስፒታል ወሰዷት። የጭንቅላቷ ፎቶ ሲታይ የሐኪሞቹ ፊት ጠቆረ፤ ግራ ጭንቅላቷ ውስጥ፣ ንግግር የሚመነጭበት አጠገብ፣ ዕጢና ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለ። ክፉው ዓይነት መስሏቸው ነበር። ከፍተው አወጡት፤ ሲመረመር ካንሰር አልሆነም። ደጉ ዕጢም አልፎ አልፎ እንዲህ ውሃ ይቋጥራል፣ ግን ብርቅ ነው አሉ።

«ድሮስ ቡሩልቻ እንደ ሰው ተራ በሽታ ልትታመም ኖሯል?» አልኩት ባሏን ጃንቦሎትን።

አልሳቀም። «አትናገርም» አለኝ። «ከቀዶ ጥገናው ወዲህ አንዲት ቃል የለም። ሐኪሙ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል ይላል።»

የተኛችበት ክፍል ስገባ ራሷ በፋሻ ተጠቅልሎ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ጠያቂው ሁሉ ማር ማር የሚል ቃል አፍስሶ ይወጣል። ቡሩልቻን በደግ ቃል? ደሜ ፈላ። ኮሙዜን አወጣሁ።

«እዚህ ዘፈን ክልክል ነው» አለች ነርሷ።

«ዘፈን አይደለም፣ ስድብ ነው» አልኳትና ጀመርኩ፦

«ጭንቅላትሽ ኩሬ፣ ውሃ ያጠራቀመ፣»

ቀጣዩን ስንኝ መንገድ ላይ አዘጋጅቼው ነበር። ዞር ብላ አየችኝ። ይህ ምላስ ጠፍቶ ከቀረ ከማን ጋር ልጣላ ነው ስል ስንኙ ከአፌ በረረ።

«ዳክዬ... ዳክዬ መጥቶ ዋኘበት» ብዬ አረፍኩት። ቤት የለው፣ ምን የለው።

ፊቷ ተኮሳተረ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ አልወጣ አላት፣ እንደገና ሞከረች።

«ቤት... አልመታም» አለች።

ጃንቦሎት ከወንበሩ ብድግ አለ። እጁን ይዤ አስቀመጥኩት፤ እሷ ገና አልጨረሰችም። ቃሉን እየፈለገች አንድ በአንድ አወጣችው፦

«ዳክዬው... አንተ ነህ... ስትጮህ... የከረመ።»

ነርሷ አፏን ይዛ ሳቀች። ጃንቦሎት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። በእኛ ሙያ የተረታ ሰው የተረታበትን ስንኝ ድገሙልኝ አይልም፤ ነውር ነው።

«ድገሚው» አልኳት።

ደገመችው፤ አሁን ሳትንተባተብ።