ክትትል ላይ ያለ ልጅ

አይናለም ጂንካ ገበያ ውስጥ ጎደሬና ዝንጅብል የምትሸጥ ሴት ናት። ግትር ናት ይሏታል፤ እሷም አትክድም። ግትር ባትሆን ኖሮ፣ ባሏ ቆላ ወርዶ ሌላ ትዳር ሲይዝ፣ አንድ ልጇን አዝላ ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት እየዞረች እዚህ ባልደረሰች።

ልጁ ልዑልቃል ይባላል። ስሙን ያወጡለት የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ ናቸው። ገና ግድግዳ ይዞ ሲቆም "አባባ" ብሎ ነበር፤ ያን የሰማችው እሷ ብቻ ስለሆነች ግን ማንም አያምናትም። ከዚያ ትኩሳት ጣለው። ሆስፒታል ተኝቶ ሰነበተና ዳነ፣ ተመስገን ተባለ፣ ወደ ቤት ተመለሰ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አንዲት ቃል አልወጣችውም።

የሰፈር ልጆች "ልዑልቃል፣ ቃሉን የት ጣልከው?" እያሉ ይስቁበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ሲስቁ ስለሚያይ ነው።

አይናለም ግን አፉ ዘገየ እንጂ ጆሮው ደህና ነው ባይ ናት። በር ሲላተም ዘወር ይላል፤ ከባድ መኪና ሲያልፍ ከሁሉ ቀድሞ ወደ መንገድ ይሮጣል፤ ይህ የማይሰማ ልጅ ነው? ብላ ትከራከራለች። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ በእግሩ ነው የሚያውቀው ብሎ የነገራት የለም፤ ቢነግሯትም አትሰማም ነበር። ምክር የሌለው ሰው ደግሞ አልነበረም። አንዱ አሪኛና አማርኛ ተደባልቆበት ነው አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቷ ያስተማረቻትን አሪኛ ልጇ ፊት አፏ ላይ አላደረሰችውም፤ እንዲያው ደረቅ አማርኛ ብቻ ስታወራው ትውላለች። የግቢው ጎረቤቷ የሺመቤት፣ ከላይ አገር መጥታ ጨርቅ የምትነግድ ሴት፣ ጠበል ውሰጂው ብትላት፣ እኛ ጴንጤዎች ነን፣ በውሃ አናምንም አለቻት። ተኳርፈው ሰነበቱ።

መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤት ወሰደችው። የልደት ወረቀት የሌለው ልጅ የሚለካው በእጁ ነው። ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ከነካ ለትምህርት ደርሷል ይባላል፤ ካልነካ ለከርሞ ይመለሳል። አይናለም ክረምቱን በሙሉ አለማምዳው ስለነበር፣ ልዑልቃል ተራው ሲደርስ እጁን አሻግሮ ጆሮውን ጭብጥ አደረገው። ዳይሬክተሩ ጎበዝ ብሎ ስሙን ጠየቀው። ልጁ ደግሞ ጆሮውን ያዘ። ሰውየው ጮክ ብሎ ጠየቀው። ልጁ እንደገና ያዘ፣ አሁን በሁለት እጁ። ወረፋ የያዙት ወላጆች ሳቁ። ዳይሬክተሩ አልሳቀም፤ አይናለምን ወደ ጥግ ወሰዳትና በቀስታ፣

"አፉን ሲፈታ አምጪው" አላት።

ይህን ይዛ ተመለሰች። ዓመቱን ሙሉ የበላችውም የጠጣችውም ይህን ነው፤ መስከረም ተመልሶ ሳይመጣ ልጇ አፉን መፍታት አለበት።

ናርዶስ የመጣችው በጥቅምት ነው። ከሳውላ መጥታ ለአስተማሪነት የምትሰለጥን፣ ከግቢው ክፍሎች አንዷን የተከራየች፣ ሰው ሲናገራት ዓይኗን የምትሰብር ጨዋ ልጅ ናት። ከሚማሩት ውስጥ የልጅ አስተዳደግና የልጅ አእምሮ የሚባል ትምህርት አለ። አስተማሪያቸው እያንዳንዳችሁ አንድ ልጅ ምረጡ፣ እንዴት እንደሚጫወትና እንዴት እንደሚያስብ ዓመቱን ተመልከቱ፣ በመጨረሻ ክፍል ፊት ቆማችሁ ትናገራላችሁ ብሏቸዋል። ናርዶስ ደግሞ በሯን ከፍታ ስትወጣ የምታየው ልጅ ልዑልቃል ነው። አይናለምን ፈቃድ ልትጠይቅ መጣች።

"እትዬ አይናለም፣ ካልከፋሽ ልዑልቃልን ለክትትል ፈልጌው ነበር።"

ነገሩን ሁሉ ያመጣችው ይህቺ ቃል ናት።

አይናለም ክትትል የሚባለውን የምታውቀው በጤና ጣቢያ ነው። ልዑልቃልን ስታረግዝ ክትትል ነበራት፤ ይመዝኗታል፣ ይለኳታል፣ የሚዋጥ ኪኒን ይሰጧታል። አንድ ቀን ወረፋው አታክቷት ሌላ ቦታ ታይታ ብትመለስ፣ ነርሷ በሰው ፊት ወረደችባት። ክትትል የጀመርሽበት ነው የምትጨርሺው፣ እዚህም እዚያም እያልሽ ልጅሽን ልትገይው ነው ወይ አለቻት። ያ ቁጣ እስከ ዛሬ ከጆሮዋ አልወጣም። ደግሞ አንድ ሳንባውን የታመመ የሰፈር ሰው ክትትሉን አቋርጦ ሲሞት አይታለች። ስለዚህ ክትትል ለእሷ ሕክምና ነው፤ ከጀመሩት አይቋረጥም፣ ከሌላ ጋርም አይደባለቅም።

የናርዶስን ሁለት እጅ ይዛ አልለቅ አለች። ናርዶስም አንዲት እናት ልጇ ስለታየላት ይህን ያህል መደሰቷ ገርሟት ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አይናለም ልጅቷን "ቲቸር" ብላ ነው የምትጠራት።

እሁድ እሁድ ከአምልኮ መልስ ናርዶስ የምትቀመጥበትን ዱካ ይዛ ትመጣለች። ከሰፈሩ ባለሱቅ ከኸይሩ የገዛቻቸው ሁለት ብርጭቆዎች ነበሯት፤ አንዱ አጭርና ሰፊ፣ አንዱ ረጅምና ቀጭን። በሁለቱም እኩል ውሃ ትቀዳና የትኛው ይበዛል ብላ ትጠይቀዋለች። ልዑልቃል አፏን አፏን አይቶ ረጅሙን ይጠቁማል። ትንሽ ልጅ በቁመት ይታለላል፣ ከፍ ሲል ነው እኩል መሆኑን የሚያውቀው ብላ ለአይናለም አስረዳቻት። አይናለም ግማሹ አልገባትም፤ ከፍ ሲል ያውቃል የሚለው ግን ገባትና በቃት።

ናርዶስ ዱካዋን ይዛ ስትሄድ አይናለም ሁለቱንም ብርጭቆ ውሃ ልጁን ታጠጣዋለች። ክትትል ላይ ያለ ሰው የሚውጠው ነገር መኖር አለበት። ካጠጣችው በኋላ አገጩን ይዛ ቀና ታደርገውና አፉን ታየዋለች፤ ምናልባት ዛሬ ትሆን እንደሆነ ብላ። ልጁም እናቱ ደስ እንዲላት አፉን በሰፊው ይከፍትላታል።

የሺመቤት ይህን በአጥር ላይ አይታ ኩርፊያውን ረሳችው።

"ጠበል አይሆንም ያልሽው ሴትዮ፣ የቲቸርን ውሃ ነው የምታጠጪው?"

"ይሄ በትምህርት የመጣ ነው።"

"ተይኝ እባክሽ፣ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ" ብላ የሺመቤት ገባች።

ልዑልቃል ግን እሁድን እንደ በዓል ነው የሚጠብቀው። ፊቱን ራሱ ታጥቦ፣ ብርጭቆዎቹን አለቅልቆ፣ የናርዶስን በር እያየ ይቀመጣል። ሰው ሁሉ አይቶት ያልፋል፤ እሷ ግን ፊቱ ተቀምጣ፣ ሌላ ምንም ሳታይ፣ እሱን ታያለች።

በየካቲት አንድ ቀን ሶርሳ ገበያ መጣ። ሶርሳ በቀበሌው ጤና ኬላ የሚሠራ፣ ከአይናለም ጋር ጎደሬ እየሰረቀ ያደገ ሰው ነው። ጎደሬዋ አጠገብ ቁጢጥ አለና ነገ ከአርባ ምንጭ የልጆችን ጆሮ የሚያዩ ሰዎች ይመጣሉ አላት። የማይሰሙትን ልጆች ወስደው በእጅ ምልክት የሚያስተምሩበት፣ መኝታም ያለው ክፍል አላቸው። ቦታው ጥቂት ስለሆነ በጠዋት አምጪው አላት፤ በአሪኛ ነው የነገራት፣ ነገሩ ቁም ነገር መሆኑን እንድታውቅ።

"የኔ ልጅ ክትትል ላይ ነው።"

"የት?"

"ኮሌጅ። ቲቸር ራሷ ቤት ድረስ እየመጣችለት።"

ሶርሳ ኮሌጁን ያውቀዋል፣ እዚያ የሚሠራውን ግን አያውቅም። በኮሌጅ ከተያዘማ ከእኛ ይሻላል ብሎ ተነሣ። ትንሽ ከሄደ በኋላ ተመልሶ፣ ለማንኛውም ብቅ ብትይ አይጎዳሽም አላት። የጀመርኩትን ላቋርጥ እንዴ፣ ደግሞስ ልጄ ጆሮው ደህና ነው፣ ጆሮ ለታመመ ስጡት አለችው። በማግስቱ ነጩ መኪና በገበያው ዳር ሲያልፍ አየችው። ዝንጅብሏን ከአፈር እያራገፈች ነበር፤ ማራገፏን አልተወችም።

በሚቀጥለው እሁድ ይህንኑ ለናርዶስ ነገረቻት። እንዴት እንደመለሰችው፣ እንዴት እንዳልተታለለች፣ ኮራ ብላ ነው የነገረቻት። ናርዶስ ውሃውን እየቀዳች ነበር፤ እጇ ቆመ። መኪናው አሁን የት ነው ብላ ጠየቀች። ሄዷል፣ ቀይ አፈር ከተማንም አልፏል ተባለች። ከዚያ ውሃውን ቀዳች። ረጅሙ ብርጭቆ ሞልቶ ፈሰሰ።

ሰኔ ላይ ናርዶስ ፈተናዋን ጨረሰች። ስለ ልዑልቃል ክፍል ፊት ቆማ ተናግራ ጥሩ ውጤት አግኝታበታለች። ልብሷን እያጣጠፈች ሳለ አይናለም ለመንገድ የሚሆናትን ዝንጅብል በፌስታል ይዛላት ገባች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"እንግዲህ ቲቸር፣ መስከረም ደረሰ። መቼ ነው አፉን የሚፈታው?"

ናርዶስ የያዘችውን ልብስ ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

"እትዬ፣ እኔ ክትትል ስል... ማየት ነው። እንዴት እንደሚያድግ ማየት።"

"አይተሽስ?"

"አይቼ መናገር።"

"ለማን?"

"ለክፍሉ።"

አይናለም "ውሃውስ?" አለች።

"የምን ውሃ?"

"የምናጠጣው።"

ናርዶስ አልገባትም። ሲገባት ፊቷን በልብሱ ሸፈነች። ከልብሱ ሥር ሆና ነው የቀረውን የተናገረችው። ልዑልቃል አይሰማም፤ መጀመሪያ በመጣሁ ሰሞን ከኋላው አጨብጭቤ አውቄያለሁ፤ አንቺ እናቱ ስለሆንሽ የምታውቂ መስሎኝ ነበር አለቻት። ኋላ አለማወቅሽን ሳውቅ ደግሞ መኪናው ሄዶ ነበር፣ ምን ብዬ ልንገርሽ አለች። ልጅ ቋንቋ የሚይዝበት ዕድሜ አለው፣ በአፍም ይሁን በእጅ፤ ያ ዕድሜ ሳያልፍ ነው መያዝ ያለበት፣ እንደዚያ ነው የተማርነው አለቻት።

"የእሱ አልፏል?"

ናርዶስ ፊቷን እንደሸፈነች አለቀሰች። አይናለም አልተቆጣችም፤ የሰው ልጅ ናት፣ ገና እንጭጭ፣ ምኗን ትቆጣት። ዝንጅብሉን አልጋው ላይ ትታላት ወጣች። ደጅ የሺመቤት እህል ታበጥራለች፤ አይናለምን ስታይ ሰፌዷ ላይ አቀረቀረች። የዚያኔ ነው ሰው ሁሉ ያውቅ እንደነበር የገባት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው።

ወደ ሶርሳ ሮጠች። ቦታው ሞልቷል፣ እነዚያም ሰዎች ተመልሰው ይምጡ አይምጡ አልታወቀም አላት። ግትር አይደለችም? ልጁን ይዛ በቀይ አፈር በኮንሶ አድርጋ አርባ ምንጭ ወረደች። እዚያ ሰዎቹ አላባረሯትም፤ ውሃ ሰጧት፣ ወንበር ሰጧት፣ ልጁን አዩት። ጆሮው ከትኩሳቱ ወዲህ ምንም እንደማይሰማ፣ የሚድንም እንዳልሆነ ነገሯት። ክፍሉን በመስኮት አሳዩአት። ልዑልቃልን የሚያህሉ ልጆች በጣታቸው እየተሰዳደቡ ይስቃሉ። ልዑልቃል መስታወቱ ላይ ተለጥፎ አልነቀል አለ። ለከርሞስ ብላ ጠየቀች። ለከርሞ የሚቀበሉት ከእሱ የሚያንሱትን ነው፤ የካቲት ላይ መጥቶ ቢሆን ኖሮ አሏት፣ መልካም ሰዎች ስለሆኑ አዝነው። መስኮቱን በሁለት እጁ ይዞ ስለነበር ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው ያላቀቀቻቸው።

መስከረም ትምህርት ቤት ይዛው ሄደች። አፉን ፈታ? አሏት። አልፈታም፣ አይፈታምም፣ ግን ከዚህ ንቅንቅ አልልም አለችና በሩ ላይ ተቀመጠች። ሲሰለቻቸው የኋላው ወንበር ላይ ይቀመጥ አሉ። አይናለም አሸነፍኩ ብላ ደብተር ገዛችለት።

አስተማሪዋም አዲስ ናት፣ ክፉ አይደለችም፤ ልጆቹ ግን ተጣብበው ነው የሚቀመጡት። ልዑልቃል ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ፊደል ከሁሉ አሳምሮ ይገለብጣል። ምን እንደሆነ የነገረው የለም። "ሀ"ን እንደ በርጩማ፣ "ጠ"ን እንደ በር ነው የሚሥለው። አስተማሪዋ ስታጠፋው እሱም ደብተሩ ላይ ያጠፋዋል። አይናለም ማታ ደብተሩን ስትገልጥ የምታገኘው የላጲስ እድፍ ነው።

አንድ ቀን ደወል ሲደወል ልጆቹ ግር ብለው ወጡ። እሱ አቀርቅሮ ይሥል ስለነበር አላየም። ዘበኛው በሩን ቆልፎ ሄደ። ሲመሽ አይናለም መጥታ ስሙን እየጠራች ግቢውን ዞረች፤ ስትጠራው እንደማይሰማ እያወቀች መጥራቷን አልተወችም። ሲከፈት ልጁ ጥግ ላይ ሱሪው ርሶ ተገኘ። ከዚያን ቀን በኋላ ደብተሩን ስታነሳ እግሯን ይዞ መሬት ይቀመጣል። ጎትታው አየች። አባበለችው። አንድ ጠዋት ደብተሩን ግድግዳው ላይ ሰቅላ ወደ ገበያ ወጣች። ግትርነቷ ያበቃው እዚያ ላይ ነው፤ ሰው ያንን ቀን አያውቅላትም።

በናርዶስ ክፍል አሁን የባጃጅ ሹፌር ተከራይቷል። ብርጭቆዎቹን ናርዶስ ለልጁ ትታለት ሄዳለች። እሁድ ሲሆን ልዑልቃል ፊቱን ይታጠባል፣ ብርጭቆዎቹን ያለቀልቃል፣ ዱካ አውጥቶ በሩን ያያል። በሩ ይከፈታል፤ ሹፌሩ ጥርሱን እየፋቀ ወጥቶ ያልፈዋል።

አይናለም ቢጨንቃት ዱካው ላይ ተቀመጠችለት። ልጁ ደስ አለው። በሁለቱም ብርጭቆ እኩል ቀዳ፣ አንዲት ጠብታ ሳያዛንፍ። ከዚያ አየት አድርጓት ረጅሙን ጠቆመ። እሷ ምን እንደምትል አታውቅም፤ በአሪኛ "ልጄ" አለችው፣ ከስንት ጊዜ በኋላ።

እሱ ሁለቱንም ጠጣቸው። ከዚያ አገጩን ራሱ ቀና አድርጎ፣ እናቱ ደስ እንዲላት፣ አፉን በሰፊው ከፈተላት።