ወደ ግራ ያጋደለው ድምፅ

«ትሪውን ከዚያ ላይ አንሺልኝ፣ እባክሽ የኔ እህት» አለ የሟች ጓደኛ የሆነው ሾፌር፣ ነፍስ ይማር ከማለቱ በፊት።

ጎረቤቲቱ ደነገጠች። ትሪውን ያሳረፈችው ቁመቱ ወገቧ ድረስ በሚደርስ፣ ለጠረጴዛነት በሚመች ጥቁር የስፒከር ሣጥን ላይ ነበር፤ ስኒ የሞላ ትሪ ደግሞ የሆነ ቦታ ማረፍ አለበት። ሾፌሩ ግን ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ የክፍሉ በር ላይ ቆሞ፣ መስኮት ጫፍ ላይ የወጣ ሕፃን ያየ ይመስል ፊቱ አመድ ሆኗል። ለምን እንደመጣ ትዝ ያለው ትሪው ከተነሳ በኋላ ነው። ዘወር ብሎ ኮሪደሩ ላይ የቆመችውን የሟችን ልጅ አቀፋት።

«እግዜር ያጽናሽ ልጄ። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ አባትሽ ቢያይ ብዬ ነው።»

«ቢያዩም ምንም አይሉም ነበር ጋሼ» አለች። «ትሪውን አንስተው በጨርቅ ይወለውሉት ነበር።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለ ሾፌሩ። ዓይኑ ግን አሁንም ሣጥኑ ላይ ነበር፤ ትሪው እርጥብ ምልክት ትቶ እንደሆነ ያጣራል።

ሦስተኛው የሐዘን ቀን ነው። ሳሎኑም ኮሪደሩም ወንበር በወንበር ሆኗል። የሟች ታላቅ እህት ሶፋው ጥግ ላይ ሆና ገቢውን ትቀበላለች፣ ወጪውን ትሸኛለች፣ ሻይ ያልደረሰውን በዓይኗ ትለያለች። ልጅቱ የምትሠራው መድኃኒት ቤት ስለሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሰው ሕመም መስማት ለምዳለች፤ መቆሙ አልከበዳትም። የከበዳት እንባ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ አልመጣም። ጠዋት ሁለት ሴቶች ጓዳ ውስጥ ሲንሾካሾኩ ሰምታለች። «አንጀቷ ደረቅ ነው መሰለኝ» አለች አንዷ። «ምን ታድርግ፣ ከአባቷ ወርሳው ነው» አለች ሌላዋ። የመጀመሪያዋን ወዲያው ይቅር ብላታለች። ሁለተኛዋን ግን አልቻለችም።

አባቷ መነጽር ሠሪ ነበር። ሱቁ ውስጥ ሲውል አንድ ሰው እንዳያነብ የሚያደርገውን የፀጉር ስፋት የምታህል ስህተት ያርማል፤ ቤት ሲገባ ደግሞ ይህቺኑ የፀጉር ስፋት ክፍሉ ውስጥ ሲያሳድድ ያመሻል። ክፍሉ ማለት ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለው ነው። ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች፣ ሸክላ ማጫወቻ፣ ሲሞቁ ወርቅማ ብርሃን የሚሰጡ አምፖሎች ያሉት ማጉያ፣ መሃል ላይ አንድ ወንበር፣ መደርደሪያው ሥር አንድ የእንጨት ዱካ። ጓደኞቹ ስሙን ትተው «ሚሊሜትር» ይሉት ነበር።

ጓደኞቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር፣ ሌላው የመሬት ቀያሹ። ቅዳሜ ከሰዓት በየተራ አንዳቸው ቤት ይሰበሰባሉ። መጋረጃ ቢወፍር ምን እንደሚቀየር፣ የሾፌሩ አዲስ ገመድ ከድሮው ይሻል እንደሆነ፣ የቀያሹ ሸክላ ማጫወቻ የቆመበት ድንጋይ ከመቃብር ተሰርቆ እንደሆነ ሲከራከሩ ይውላሉ። ከዚያ መርፌው ሸክላው ላይ ያርፍና ሦስቱም እንደ ተማሪ ዝም ይላሉ። አንዲት ዘፋኝ ከመዝፈኗ በፊት ትንፋሽ ስትስብ በሰሙ ጊዜ ሾፌሩ አልቅሷል። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ይደብቃል፤ እሱ ግን ለሚያውቀውም ለማያውቀውም ያወራዋል።

ልጅቱ ይህን ሁሉ የምታውቀው ከደጅ ሆና ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ላይ፣ እናቷ በሞተች በዓመቱ፣ አባቷ ሱቅ እያለ ክፍሉ ገብታ ሸክላ ልታስቀምጥ ሞከረች። እጇ ተንቀጠቀጠና መርፌው ተሰበረ። አባቷ ሲመጣ አልጮኸም፣ አልገረፈም። የተሰበረችውን መርፌ በመዳፉ ላይ አድርጎ በሥራ መነጽሩ ብዙ ከተመለከታት በኋላ «ከእንግዲህ እዚህ እንዳትገቢ» አለ። በቃ፣ ይኸው ነው።

እሷም እልኸኛ ናት፤ እልኹንም ከየትም አላመጣችውም። ገባ ማለቷን ተወች። ከክፍሉ በር ፊት ለፊት፣ ኮሪደሩ ግድግዳ ሥር፣ አንሶላና ብርድ ልብስ የሚቀመጥበት የእንጨት ሣጥን አለ። እዚያ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። በሩ ሁልጊዜ ክንድ ያህል ገርበብ ይላል። በዚያ ክፍተት የአባቷን ጀርባ እያየች፣ አንድ ቀን ዘወር ብሎ «ግቢ» እንዲላት ትጠብቃለች። አላላትም። አድጋ፣ ሥራ ይዛ፣ የራሷን ቤት ተከራይታ ከወጣች በኋላም እሑድ እሑድ ትመጣ ነበር። አባቷ ይስማታል፣ «ደህና ነሽ?» ይላል፣ ሻይዋን ሳትጨርስ ይነሳና ወደ ክፍሉ ይገባል። ወዲያው ሸክላው ይጀምራል። እሷም እንደ ልጅነቷ ሣጥኑ ላይ ተቀምጣ እስኪወጣ ስልኳን ትነካካለች። ከእኔ ወሬ የሚሸሸው ሰው ብላ ትናደድበታለች።

ስለዚህ ዛሬ የምትለውን ለሁለት ቀን አስባበታለች። ቀያሹ ደግሞ ትንሽ ቆይቶ መጣ፤ ረጅም፣ ደብተር የማይለየው ሽማግሌ ነው። ሁለቱን ወደ ኮሪደሩ ጠራቻቸው።

«ጋሼ፣ ዕቃውን እናንተ ውሰዱልኝ። ዛሬውኑ። ከእናንተ በላይ የሚያውቅለት የለም።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ።

«ዛሬ?» አለ ቀያሹ።

«ዛሬ። ክፍሉ ይፈለጋል፤ ሰው መቀመጫ አጥቷል።» ይህ እውነት ነበር፤ ሙሉው እውነት ግን አልነበረም። ሐዘኑ ሳያልቅ ያ ክፍል ባዶ ሲሆን ማየት ፈልጋለች። የሚጠበቅ ነገር ሲጠፋ መጠበቁም ይጠፋል ብላ ነው።

ሾፌሩ ወደ ክፍሉ አየ። «እሺ። ከመንቀሉ በፊት ግን፣ አንዴ ብቻ እንስማው? አንዴ ከተነቀለ እንዳለ አይመለስም። ሚሊሜትር ሠላሳ ዓመት የደከመበት ነው።»

አክስቲቱ ሳሎን ሆና የማይሰማት ነገር የለም። «በሐዘን ቤት ዘፈን?» አለች።

«ዘፈን አይደለም እትዬ» አለ ሾፌሩ፣ አንገቱን ብቅ አድርጎ። «የሙከራ ሸክላ ነው። አንድ ሰውዬ ሲራመድ።»

«ሰው ሲራመድ ለመስማት ሸክላ ምን አስፈለገ? ኮሪደሩ ሞልቶልሃል።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቅ አመለጠው። አክስቲቱ ራሷ ከንፈሯን ነከሰች፤ ዝምታዋንም ሾፌሩ እንደ ፈቃድ ወሰደው።

ማጉያው እስኪሞቅ ሩብ ሰዓት ጠበቁ። አምፖሎቹ አንድ በአንድ ፈኩ። ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ቀያሹ ከኋላው ቆመ። በሩ በራሱ እየተመለሰ አስቸገራቸው።

«ሽብልቁ የት ሄደ?» አለ ቀያሹ። «እዚህ በር ሥር የምትሆን እንጨት ነበረች።»

ልጅቱ የት እንዳለች ታውቃለች። በመጀመሪያው ቀን የሳሎኑ ጠረጴዛ ሲወዛወዝ ከበሩ ሥር አንስታ እግሩ ሥር የወተፈቻት ራሷ ናት። ጎኗ ላይ በእርሳስ ቀጭን መስመር ተሰምሮባት ነበር፤ ልብ አላለችውም። ጠረጴዛው ላይ አሁን ሃያ ስኒ አለ። «እኔ እይዘዋለሁ» አለችና በሩን በተዘረጋ ክንዷ ደግፋ፣ ጀርባዋን ለክፍሉ ሰጥታ፣ የአንሶላው ሣጥን ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

መርፌው አረፈ። ትንሽ ጭርጭርታ፣ ከዚያ ዝምታ።

«ይኸው» አለ ሾፌሩ ጥቂት አዳምጦ፣ በሐዘን። «እንደ ሁልጊዜው። ሰውዬው መሃል መቆም ሲገባው ወደ ግራ ያጋድላል። ነፍሱን ይማረውና፣ ይህቺን ነገር ሳያርም ሄደ።»

ልጅቱ ግን አልሰማችውም። ከጀርባዋ አንድ ሰው እየመጣ ነበር። ጫማው እንጨት ወለል ላይ ሲያርፍ፣ ተረከዙ ቀድሞ ጣቱ ሲከተል ለየችው። ሐዘንተኛ መስሏት ልታሳልፈው ዘወር አለች። ማንም የለም። እርምጃው ግን ከግራ ተነስቶ በሩ ክፍተት መሃል፣ በትክክል ፊት ለፊቷ ቆመ። እጇን ብትዘረጋ ኮቱን የምትነካው ያህል ቅርብ ነበር። ከዚያ ብርጭቆ ተነሳ፣ ውሃ ተቀዳ፤ ውሃው ብርጭቆው ውስጥ ከፍ ከፍ ሲል ሰማችው። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ነገር አላየችም፤ ያየችው ደግሞ በጆሮዋ ነው።

«ጋሼ» አለች። «እኔ ጋ መሃል ነው።»

«ምኑ?»

«ሰውዬው። እዚህ ነው የቆመው። እኔ ፊት።»

ሾፌሩ ተነስቶ መጣ። ሣጥኑ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ፣ ቀያሹ ከመጀመሪያው አስጀመረለት። እርምጃው መጣ፣ ቆመ፣ ውሃው ተቀዳ። ሾፌሩ ወደ ስፒከሮቹ ዞረ። «ቀያሽ፣ ሲባጎ ይዘሃል?» አለ።

ቀያሹ ሲባጎ የሌለበት ኪስ የለውም። አንዱን ጫፍ ለልጅቱ አስይዞ ከጆሮዋ እስከ ግራው ስፒከር ለካና ቋጠረው። ሲባጎውን ሳይቆርጥ ወደ ቀኙ ዞረ። ቋጠሮው የቀኙን ስፒከር መሃል ነካ። ሁለት ጊዜ ደገመው። ከዚያ ተንበርክኮ በሁለቱም ስፒከሮች ጠርዝ በኩል በአንድ ዓይኑ አነጣጠረ። የሁለቱም ፊት ወንበሩን ስቶ፣ በበሩ ክፍተት አልፎ፣ የአንሶላው ሣጥን ላይ ይገናኛል።

«አቤት» አለ ቀስ ብሎ። ሳይነሳ ደብተሩን ከኪሱ አወጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰሙትን ሁሉ ዓመት በዓመት የሚመዘግብበት ነው፤ አሮጌዎቹን ገጾች ከአዲሶቹ ጋር ሰፍቷቸዋል። ጣቱን እየላሰ ገለጠ። «ይኸው። ‹ሚሊሜትር አዲስ መርፌ ገዛ፤ አሮጌው ተሰብሯል። የግራውን ስፒከር አንድ እርምጃ ወደፊት አውጥቶ ሁለቱንም አዞራቸው። ድምፁ ተበላሸ። ነግረነው አልሰማም።› ይኼ ከሆነ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው።»

ኮሪደሩ ላይ ከተቀመጡት አንዳንዶቹ ወንበራቸውን ወደ ክፍሉ አስጠጉ።

«ለሃያ ሰባት ዓመት ጆሮው ደክሟል እያልን አዘንንለት» አለ ሾፌሩ። «አንዴ እንዲያውም ሻይ ሊያመጣ ሲወጣ እኔ ነኝ ስፒከሩን ወደ ቦታው የመለስኩት። ሲገባ አየው። ትሪውን አስቀምጦ መልሶ አዞረው። ጆሮ አለን ባዮቹ እኛ ነን። ያለቦታችን ተቀምጠን ስንፈርድበት ኖርን።»

«እሳቸውስ የት ነበር የሚቀመጡት?» አለች ልጅቱ።

«ዱካው ላይ ነዋ። ወንበሩ የእንግዳ ነው። ለራሱማ በደንብ ሰምቶት አያውቅም።»

እሑዶቹን አሰበቻቸው። ሻይዋን ሳትጨርስ የሚነሳውን ጀርባ፣ ወዲያው የሚጀምረውን ሸክላ። ሲሸሽ አልነበረም። ያለው ነገር ያ ብቻ ስለነበረ ሊሰጣት እየተቻኮለ ነው። እሷ ደግሞ ሣጥኑ ላይ አቀርቅራ ስልኳን ትነካካ ነበር። መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው። አንድ ቃል እኮ ነው፤ ግቢ ማለት እነዚህን የሚያህሉ ሣጥኖች ከመጎተት ይቀል ነበር። ንዴቱ ግን ብዙ አልቆየም። ሰው አንዲት ቃል አልወጣ ብላው ቤቱን ሙሉ ሲያዞር መኖሩን አየች።

«ግቢ ልጄ» አለ ቀያሹ፣ ከተንበረከከበት ሆኖ በእጁ ወንበሩን እያሳያት። «ነይ፣ ግቢ።»

ቃሉን ከሌላ አፍ ሰማችው። ራሷን ነቀነቀች።

«እኔ እዚሁ ነኝ ጋሼ» አለች። «ዕቃውንም አትንኩት። ይቆይ።»

ከዚያ ተነስታ ወደ ሳሎን ሄደች። ሰው መሃል ተንበረከከች፣ የጠረጴዛውን እግር ከፍ አድርጋ እንጨቷን መዘዘች። ጠረጴዛው ዘመመ፣ ስኒዎቹ ወደ አንድ ወገን ተንሸራተቱ፣ አክስቲቱ በሁለት ክንዷ አቀፈቻቸው።

«ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?» አለች፤ ቀና ብላ የልጅቱን ፊት ስታይ ግን ስኒዎቹን እንደታቀፈች ቀረች። ፊቷ በእንባ ርሶ ነበር።

ልጅቱ ተመለሰች። በሩን በልኩ ከፍታ፣ ኮሪደሩ ወለል ላይ ቁጢጥ ብላ ሽብልቁን ከሥሩ አስገባችው። እንባዋ እያስቸገራት በእርሳስ የተሰመረውን መስመር ፈለገች። በሩ ጠርዝ ጋ እስኪገጥም ገፋችው። ትንሽ አለፈባት። በጥፍሯ አንድ ሚሊሜትር መለሰችው።