የሉሉ ክኒን

ትዝታ ከቤሩት ስትመለስ ይዛ የመጣችው ሁለት ሻንጣና አንዲት ድመት ነው። ያየ የጉና ተራራ ግርጌ ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰባት ዓመት አረብ አገር ኖሮ ለድመት ትኬት ቆርጦ መምጣት ምን የሚሉት ጤንነት ነው? አባቷ አቶ ውባንተ ግን አልሳቁም። "እዚህ ድመት ጠፍቶ ነው?" ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ድመቷን ሉሉን ያሳደጓት ትዝታ ቤሩት ተቀጥራ ስታስታምማቸው የኖረቻቸው አሮጊት ነበሩ። አሮጊቷ ሲሞቱ ልጆቻቸው ድመቷን ከነቅርጫቷ ደጅ አወጧት። ትዝታ ይህን አይታ ማለፍ አልቻለችም። በዚያ ቤት በስሟ የሚጠራት ሰው አሮጊቷ ብቻ ነበሩ፤ ከእሳቸው የተረፈች ነፍስ ደግሞ ሉሉ ብቻ።

ሉሉ ልቧን ታማለች። የቤሩቱ የእንስሳት ሐኪም፣ ልቧ ውስጥ ደም እየረጋ እንደሆነና አንድ ቀን ወርዶ የኋላ እግሯን ሊይዘው እንደሚችል ነግሯታል። ደም የሚያቀጥኑ ሁለት ዓይነት ክኒኖች አዘዘላት፤ የሰው ክኒኖች፣ በምላጭ እየተከፈሉ በየቀኑ የሚሰጡ። "እንዳትቆስል ጠብቂያት፤ ከደማች ቶሎ አይቆምላትም" ብሎም አስጠንቅቋታል።

ትዝታ ይህን ለአባቷ መንገር ነበረባት። አልነገረችም። እናቷ ወይዘሮ ወርቅነሽ እግራቸው አብጦ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ለእሳቸውም ጎንደር ታዞላቸው የነበረው፣ ስሙን ያኔ በስልክ የሰማችው፣ ከእነዚሁ ክኒኖች አንዱ ነው። ሁለት ወር እንኳ ሳይውጡት አረፉ። አሁን የእናቷ መድኃኒት ለድመት ሲከፈል አባቷ ቢያዩ ምን ይሏታል? አፈረች፤ ፈራችም። ሲጠይቋት "የትል መድኃኒት ነው" አለቻቸው።

ውሎ አድሮ ሽማግሌው ከሉሉ ጋር ተላመዱ። ከወተታቸው ያካፍሏት ጀመር። በጋቢያቸው ጠቅልለው አቅፈዋት ሲገኙ "በርዷት ነው እንጂ" ይላሉ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው። ትዝታ በሆዷ ትስቃለች፤ ያን ጊዜም ግን አልነገረቻቸውም።

አቶ ውባንተ ከብት በማከም የታወቁ ሰው ናቸው። በአካባቢው እግሩ ያበጠ በቅሎ ወደ እሳቸው ይመጣል። የደም ሥሩን በምላጭ በጥተው ጥቁሩን ደም ያፈስሱለታል፤ በሳምንቱ ጭነት ይጫናል።

ክኒኑ ሊያልቅ ሲል ትዝታ ደብረ ታቦር ወረደች። መንገድ ተዘግቶ ስለከረመ መድኃኒት ጠፍቷል፤ ከፋርማሲ ፋርማሲ ስትንከራተት ውላ በመጨረሻ አገኘች። ቤት ስትደርስ አባቷ መደቡ ላይ ሉሉን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ጋቢያቸው በደም ርሷል።

"አባባ! ምን ሆነች?"

"እግሯ ተያዘ። ጮኸች፣ ጮኸችና ወደቀች። ብዳስሰው ቀዝቅዟል። የረጋ ደም ነው ብዬ በጣሁላት፤ ትንሽ፣ የጥፍር ያህል። ደሙ ግን እምቢ አለኝ ልጄ። አመድ ነሰነስኩበት፣ አሰርኩት፣ እምቢ አለ።"

ሽማግሌው በሽታውን ልክ እንደ ቤሩቱ ሐኪም አግኝተውታል። ትዝታ ሉሉን ተቀብላ ቁስሉን በጨርቅ ጫን ብላ ያዘች። የድመቷ ድድ ነጥቷል፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተች።

"ገደልኳት" አሉ አቶ ውባንተ። "አርባ ዓመት ስበጣ አንድ እንስሳ በእጄ አልሞተም። ዛሬ እጄን ምን ነካው?"

ትዝታ እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም፤ አንጀቷን በሉት።

"እጅዎ አይደለም አባባ፤ እኔ ነኝ። ክኒኑ የትል አልነበረም፤ ደም የሚያቀጥን ነው። እሱን የዋጠ ከተቆረጠ ደሙ አይቆምለትም። ነግሬዎት ቢሆን ኖሮ አይነኳትም ነበር።"

"ምነው ደበቅሽኝ?"

"የእማዬ መድኃኒት ስለሆነ። አፈርኩ።"

አቶ ውባንተ ቀና አሉ። "የእናትሽ? ያ ከጎንደር ያመጣነው?"

"አዎ።"

በደም የራሰውን ጋቢያቸውን ተመለከቱ። ከዚያ ድምፃቸው ወርዶ "የሰውም ደም እንዲሁ አይቆምም?" ሲሉ ጠየቁ።

"የሰውም ያው ነው" አለች ትዝታ።

"እናትሽ ክኒኑን እየዋጠች እግሯ እንደገና ሲያብጥ፣ በምላጭ በጥቼ በዋግምት ያገምኳት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ምን እንዳላት እንኳ አልጠየቅኋትም። ደሟ ሲፈስ አደረ። ሕመሙ ነው ብለን ቀበርናት።"

ትዝታ ክው አለች። ያን ጊዜ በስልክ የነገሯት "በሽታው ጸናባት" ብለው ብቻ ነበር። አሁን የተናገረችውን ሁሉ መልሳ ብትውጠው በወደደች።

"አይ አባባ" አለች ፈጥና፣ "ተሳስቼ ነው። የእማዬ ክኒን ሌላ ነበር።"

አቶ ውባንተ ግን አላመኗትም።