የሸህ ሀቢቡላህ እግር

እህቴ ቀመር ቤይሩት አንዲት አሮጊት ስትጦር ዓመታት ቆይታ መካነ ሰላም የተመለሰችው አባታችን ሸህ ሀቢቡላህ ወድቀው እግራቸው ስለተሰበረ ነው። ከወግዲ የመጣ ወጌሻ አጥንቱን ገጥሞት፣ ሐኪሙም አይቶ «ድኗል» ብሎ ነበር። አባዬ ግን ከአልጋ አልወርድም አሉ።

እኛ ዘንድ ሽማግሌ ይጦራል እንጂ ትእዛዝ አይሰጠውም። ቀመር ደግሞ እዚያ አገር ያሉ ሐኪሞች አሮጊቷን ሲያራምዱ አይታ መጥታለች፤ ጧት ማታ «አባዬ ይነሱ፣ ያልሠራ እግር ይሰንፋል» ትላለች። ጎረቤታችን ኑርጃን ይህን አይታ፣ «ወላሂ፣ ልጅ አባቷን እንደ ወይፈን ስትገራ ገና ዛሬ አየሁ» አለች። እኔ ሳቅኩ። አባዬ ግን ንቅንቅ አላሉም።

ነገር ካልገባኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። የዳነ እግር ለምን አይቆምም? አንድ የገበያ ቀን ከቀመር ጋር የወጣሁ መስዬ ተመለስኩና በበሩ ስንጥቅ አጮለቅኩ። አባዬ ግድግዳ እንኳ ሳይዙ ተራምደው ከሶላት በፊት የሚታጠቡበትን የውዱእ ውሃ ራሳቸው ይቀዳሉ። ዘው ብዬ ስገባ ክው አሉ።

«ሙእሚን፣ ለእሷ እንዳትነግር» አሉኝ። «የተራመድኩ ቀን ወደ ቤይሩት ትመለሳለች።»

እውነት ነው፣ ስትመጣም እንደዚያ ብላ ነበር። ሸህ ሲዋሽ ማየቴ አናደደኝ፤ አንጀቴንም በላኝ። ለቀመር ግን አልነገርኳትም።

በሳምንቱ ምሳ ቀርቦ ሳለ የአሮጊቷ ልጅ ደወለ፤ የስልኩ ድምፅ አልጋው ድረስ ይሰማል። ቀመር በዐረብኛ እንደ ልቧ ታወራለች፤ ዕድሜያቸውን ቁርአን ሲያቀሩ የኖሩ፣ ዐረብኛ የሚያውቁ ሰው አጠገቧ መተኛታቸውን ረስታዋለች። አባዬ ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«አሮጊቷ ቀመር ከሄደች ወዲህ እህል እምቢ ብላለች አሉ። ልጅየው ‹ምን እያደረግሽ ነበር የምታበያት?› ሲላት ‹አብሬያት እበላ ነበር› አለችው። አሁን ተመለሺልን እያላት ነው።»

ከዚያ ብርድ ልብሱን ገፍፈው ቆሙ። ቀመር ስልኩን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«እግሬ ከዳነ ሰነባብቷል» አሏት። «ሂጂ ለማለት አንደበት የለኝም፤ ዋሽቼ ግን አላስቀርሽም። ያችም ጧሪ ትሻለች።»

ቀመር አለቀሰች። ቀጥላ ለልጅየው አንድ ነገር ተናግራ ስልኩን ዘጋች።

«ምን አለችው?» ብዬ አባዬን ጠየቅኩ።

ዐይናቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ከማዕዱ ተቀመጡ።

«‹ከእናትህ ጋር አንተ ቁጭ ብለህ ብላ፤ እኔም ከአባቴ ጋር ልበላ ነው› አለችው።»