በረሮ የገባበት ካርቶን

የ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ደብረ ታቦር ላይ የጉና ብርድ ሰውን የሚያንቀጠቅጥበት፣ በረሮን ግን እምብዛም ያልጎዳበት ወር ነበር። ወይዘሮ እመቤቴ ይህን ያወቁት የቡሃቃው ክዳን ላይ ጥቁር አዝሙድ የመሰለ ነገር አግኝተው፣ ሊቀምሱት ጥቂት ሲቀራቸው ነው። በኖሩት ሃምሳ ስምንት ዓመት ቤታቸው ውስጥ በረሮ አይተው አያውቁም። ቁንጫ ያውቃሉ፣ ትኋን ያውቃሉ፣ አይጥማ እንደ ቤተሰብ ናት። በረሮን ግን የቆላ ሰው ጣጣ አድርገው ነበር የሚያስቡት።

ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ መመራመር አላስፈለጋቸውም። አስተማሪው ልጃቸው አስረስ ሰባት ወር ታስሮ ከተለቀቀ ገና ወሩ ነው። ሲመጣ ልብሱን የያዘው እስር ቤት በሰጡት የሳሙና ካርቶን ነበር። የገባ ዕለት ካርቶኑን በሩ ሥር አስቀመጠው፤ ልብሱን ግን አላወጣም። ሸሚዝ ሲፈልግ ይከፍታል፣ ለብሶ መልሶ ይዘጋል።

«ልብስህን ምስማር ላይ ስቀለውና ይህን ካርቶን ላቃጥለው» አሉት።

«እንደገና ሲመጡ በምን ልይዘው ነው?» አላቸው፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው።

እመቤቴ ማድ ቤት ገብተው አለቀሱ። ሲጨርሱ አፍንጫቸውን ተናፍጠው በረሮ ማደን ጀመሩ።

የአደኑ ዘዴ የራሳቸው ነው። ሲመሽ አመድ በወንፊት ነፍተው በየግድግዳው ሥር ይበትናሉ፤ ጠዋት ጎንበስ ብለው ዱካውን ያነባሉ። ሦስት ጠዋት አነበቡ። ዱካው ከካርቶኑ ይነሣና፣ በመደቡ ሥር አልፎ፣ ቤቱን ከማድ ቤቱ ወደሚያዋስነው ግድግዳ ይሄዳል። ያ ግድግዳ የምድጃው ሙቀት ስለማይለየው በክረምት ማንም ይመርጠዋል። እዚህ ድረስ ነውር የለውም። ነገር የመጣው፣ በረሮዎቹ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ጋዜጣ ሁሉ የመሪው ፎቶ ካለበት ገጽ ሥር በመግባታቸው ነው።

ጥፋቱ የእመቤቴ የራሳቸው ነው። ለሌላው ገጽ ቀጠን ያለ የዱቄት ሙጫ በቅቶት ነበር። አስረስ በታሰረ ሳምንት ግን ያን ገጽ ከሰው ለምነው አመጡና፣ እንደ ገንፎ የወፈረ የስንዴ ሙጫ አገንፍተው፣ ገቢ ወጪው እንዲያየው ጎላ አድርገው ለጠፉት። ልጃቸውን የሚያስፈታላቸው መስሏቸው ነበር። ገጹ ማንንም አላስፈታም፤ አሁን በረሮ ይቀልባል።

በአራተኛው ቀን ገጹን በእርጥብ ጨርቅ እያራሱ፣ የቁስል ፋሻ እንደሚፈታ ሰው ቀስ ብለው ላጡት። ከሥሩ የወጣውን በፈላ ውሃና በጫማ ተቀበሉት። ከዚያ አጥራቸው ሥር ከበቀለው እሬት ቆርጠው አዲስ ሙጫ ውስጥ ጨመቁበት። ስድስት ልጅ ጡት ያስጣሉት በዚህ እሬት ነው፤ የጎረቤትም ልጅ ጡት የሚጥለው ከእሳቸው አጥር በተቆረጠ ነው። ሕፃንን ከእናቱ ጡት የለየ ነገር በረሮን ከሙጫ የማይለይበት ምክንያት አልታያቸውም።

ሙጫውን እያማሰሉ ሳለ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ፈንታሁን ከአንድ ጥበቃ ጋር ገባ። የተፈቱ ሰዎችን በየሳምንቱ ያያል። አስረስን አየ፤ ቀጥሎ ግድግዳውን አየ። ገጹ የለቀቀው ባዶ ቦታ ከሩቅ ይታያል።

«ጓዲት እመቤቴ፣ እዚህ የነበረው ገጽ የት ሄደ?»

«አልጋ ላይ ነው።»

«አልጋ ላይ ምን ይሠራል?»

«ይደርቃል።»

አስረስ ማንም ሳያዘው ተነሣ፤ ጫማውን አሠረ፣ ካርቶኑን አቅፎ በሩ አጠገብ ቆመ። እመቤቴ ማማሰያውን አልለቀቁም።

«ማን ላጠው?»

«እኔ ነኝ። በረሮ ገብቶበት ነው።»

«ይህ ሁሉ ገጽ እያለ በረሮው ይህንን ለምን መረጠ?»

ይህ ጥያቄ ደኅና መልስ የለውም። ወደደው ቢሉ ስድብ ነው፣ ጠላው ቢሉ ክስ ነው።

«ሙጫው ስለወፈረ ነው» አሉ እመቤቴ። «ለዚህ ገጽ ዱቄት አልሰሰትኩም።»

ፈንታሁን አሰበበት፤ የሚያስጠይቅ ነገር አላገኘበትም። ዕቃው ውስጥ ያለውን ሙጫ ግን ተጠራጠረ። ጣቱን ነክሮ ላሰ። ፊቱ ጭምድድ አለ፤ ሰው ቤት ስለሆነም መትፋት አልቻለም፣ ዋጠው።

«አስታወስከው?» አሉት እመቤቴ። «እናትህም የቆረጠችው ከዚሁ አጥር ነው።»

ጥበቃው ወደ ጣሪያው ማየት ጀመረ። ፈንታሁን ውጭ እንዲጠብቀው አዘዘውና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ እመቤቴ… እኔም ቤት ሁለት ሦስት አይቻለሁ። እኔም ወፍራም ሙጫ ነው ያደረግሁት። መላጡን ግን ፈራሁ።»

እመቤቴ ሳቅም ልቅሶም መጣባቸውና ሁለቱንም ተዉት። ዝናብ ውስጥ ወጥተው አራት ትልልቅ የእሬት ቅጠል ቆርጠው ተመለሱ። ቅጠሉ ያንጠባጥባል። ፈንታሁን አዲሱን ካኪውን አየ።

«በምን ልያዘው?» አለ።

አስረስ ያቀፈውን ካርቶን ተመለከተ። ከዚያ መሬት አስቀመጠውና ልብሱን አንድ በአንድ ያወጣ ጀመር። ሁለት ሸሚዝ ነው፣ አንድ ሱሪ፣ አንድ ሹራብ። እያራገፈ ምስማሩ ላይ ሰቀለው። ቅጠሉን ባዶው ካርቶን ውስጥ አድርጎ ለፈንታሁን ሰጠው። እመቤቴ ከካርቶኑ እጥፋት ሁለት ቀጫጭን ቀንዶች ብቅ ሲሉ አዩ። አይተው እንዳላዩ ማማሰያቸውን አነሡ።

«ካርቶኑን ነገ እመልሰዋለሁ» አለ ፈንታሁን።

«አትመልሰው» አለ አስረስ። «አያስፈልገኝም።»